ሪሞቱ በማን እጅ ነው? ከማዘጋጃ ቤቱ ስቱዲዮ እስከ ፒከሪንግተን ሳሎን

ከኮለምበስ ደቡባዊ ክፍል ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ፒከሪንግተን የሚዘልቅ «ሬፊውጂ ሮድ» የሚባል መንገድ አለ። የስደተኛ መንገድ ማለት ነው። ለአካባቢው አዲስ የሆነ ሐበሻ ስሙን ሲያነብ «ለእኛ ብለው ነው እንዴ ያወጡት?» ብሎ ይስቃል። ስሙ ግን ከእኛ መምጣት በሁለት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ አማፂዎቹን ደግፈው ከካናዳና ከኖቫ ስኮሺያ ቤት ንብረታቸውን ጥለው ለወጡ ሰዎች መሬት እንዲሰጥ ኮንግረስ በ1798 ሕግ አወጣ። ከሳዮቶ ወንዝ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋው ቀጭን መሬት የስደተኞች ይዞታ ተባለ፤ መንገዱም ስሙን ከዚያ ወረሰ። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።)

ዛሬ በዚያ አካባቢ ሌላ ዘመን ያሰደዳቸው ወይም ዲቪ የደረሳቸው የእኛ ሰዎችም ይኖራሉ። ለእነርሱ መሬት የቆረሰላቸው የለም፤ የባንክ ብድር ወስደው ቤት ይገዛሉ። ቤቱ ተገዝቶ፣ ሶፋው ገብቶ፣ ቡናው ተፈልቶ ከተመረቀ በኋላ እናት ከአገር ቤት ትመጣለች። ያኔ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ «ለእማዬ ቴሌቪዥኑ ላይ ምን እናድርግላት?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የፒከሪንግተንን ቀን አስቡት። ልጆች በጠዋት ወደ ሥራ፣ የልጅ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። መንገዱ ላይ በእግሩ የሚሄድ ሰው እምብዛም አይታይም። እናት መኪና አትነዳም፤ ጎረቤቷ «ሃይ» ብሎ እጁን አውለብልቦ ጋራዡ ውስጥ ይገባል። ከጠዋት እስከ አመሻሹ በቤቱ ውስጥ አማርኛ የሚናገር ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው። እሱ ከተዘጋባት ቀኑ ይዘጋባታል። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚሰካው ዕቃ ጉዳይ ከመዝናኛ ያለፈ ነው።

ጥያቄው የስድሳ ዓመት ታሪክም አለው። በእያንዳንዱ ዘመን በምስሉና በተመልካቹ መካከል አንድ ዘበኛ ቆሞ ነበር፤ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ያንን ዘበኛ አስወግዶ ሌላ ይተክላል። ማን በር ላይ ቆሞ እንደነበር ያወቀ ሰው ዛሬ ምን መግዛት እንዳለበት ለመወሰን ይቀለዋል።

ቁልፍ ያለው ሣጥን

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ሥራውን በማቋቋም የረዳው ቶምሰን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ሲሆን ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። ጣቢያው አንድ ነው፤ የመንግሥት ነው፤ ሲመሽ ይጀምራል፣ ሲያበቃም ያበቃል። «ምን እንይ?» የሚባል ጥያቄ አልነበረም።

ከእነዚያ ቴሌቪዥኖች አንዳንዶቹ የእንጨት መዝጊያና ቁልፍ ነበራቸው። ዳንቴል ለብሰው በሳሎኑ የክብር ቦታ ይቀመጣሉ። ባለቤቱ ካልከፈተ አይከፈትም፤ ሲከፈት ግን የሰፈሩ ልጅ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ምንጣፉ ላይ ይደረደራል። የቤቱን ቁልፍ አባወራው፣ የስቱዲዮውን ቁልፍ መንግሥት ይዘዋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ በኋላ ታየ። መደበኛው የቀለም ስርጭት የተጀመረው በ1984 ከኢሠፓ ምሥረታ ጋር ተያይዞ ነው። ቀለሙ ሲመጣ ለበዓሉ መጣ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የኮረምን ረኃብተኞች ለዓለም ያሳየው ግን የቢቢሲ ዘገባ ነበር። አንድ ጣቢያ ብቻ ያለው ተመልካች የጎደለው የመዝናኛ ምርጫ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ኮለምበስ ቀድማ ያየችው

አዲስ አበባ በቀይ ሽብር በምትጨነቅበት ጊዜ፣ ከዛሬዋ ፒከሪንግተን የግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ በምትርቀው ኮለምበስ ፍጹም ሌላ ዓይነት ታሪክ እየተሠራ ነበር። ታኅሣሥ 1 ቀን 1977 ዋርነር የተባለው የኬብል ኩባንያ «ኪዩብ» የሚል አገልግሎት ጀመረ። ደንበኛው 30 ቻናል የሚመርጥበት በሽቦ የታሰረ መቆጣጠሪያ ይሰጠዋል። ፊልም ሲፈልግ ቁልፉን ይጫናል፤ ሒሳቡ በወሩ መጨረሻ ይመጣል። በጎን የተደረደሩት አምስት ቁልፎች ደግሞ መልስ መስጫ ናቸው፤ አቅራቢው ጥያቄ ያቀርባል፣ ቤቱ የተቀመጠው ሰው ይመልሳል፣ ውጤቱ ወዲያው ስክሪኑ ላይ ይወጣል። በ1978 አንድ የአሜሪካ እግር ኳስ ግጥሚያ ላይ ተመልካቾች ለቡድኑ የሚቀጥለውን የጨዋታ ስልት ከሶፋቸው ሆነው መርጠዋል።

ዛሬ ተራ ነገር የምንለው፣ ማለትም ፊልም ከቤት ሳይወጡ መርጦ መክፈል፣ ለልጆች ብቻ የተለየ ቻናል፣ ለቴሌቪዥን መልስ መስጠት፣ ከሞላ ጎደል እዚያ ተሞክሯል። ኪዩብ ላይ ይታይ የነበረው የልጆች ቻናል በ1979 ኒክሎዲየን ሆኖ በአገር አቀፍ ደረጃ ወጣ። ሆኖም ወጪው ከገቢው በለጠና የመልስ መስጫው አገልግሎት በ1980ዎቹ አጋማሽ ተቋረጠ።

ከኪዩብ ጋር አንድ ሌላ ነገርም መጣ። ደንበኛው ሲመርጥ የኩባንያው ኮምፒዩተር ምርጫውን ይመዘግባል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳየ ማወቅ ተቻለ። ቴሌቪዥን እስከዚያ ድረስ የሚታይ ዕቃ ነበር፤ በኮለምበስ ግን መልሶ ማየት ጀመረ። ጉዳዩ ያኔም አከራክሯል፤ ኩባንያውም የደንበኞችን ምስጢር ስለመጠበቅ ደንብ አውጥቶ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ቪዚዮ የተባለው የቴሌቪዥን አምራች 11 ሚሊዮን በሚሆኑ ቴሌቪዥኖች የባለቤቶቹን ዕይታ ያለፈቃድ ሲሰበስብ ቆይቷል ተብሎ ተከሰሰና ጉዳዩን በ2.2 ሚሊዮን ዶላር ዘጋ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ረጅም ውል ሳታነብ «ኦኬ» የምትጫን እናት ያለችበት ቤት ይህን ታሪክ ማወቅ ይገባዋል።

የሰርጉ ካሴት ለምን ተንከባለለ?

በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በር ከከፈተ በኋላ በሱዳን በኩል የወጡ ኢትዮጵያውያን በየከተማው ሰፈሩ። በ1990ዎቹ ደግሞ ዲቪ ተከተለ። ያኔ በእጃቸው የነበረው መገናኛ ውድ የስልክ ደቂቃ፣ ደብዳቤና በሰው የሚላክ ፖስታ ነበር። ፖስታው ውስጥ በርበሬና ሽሮ፣ ከዚያም የቪዲዮ ካሴት ይገኛል፤ የእኅት ሰርግ፣ የአባት ተዝካር፣ የልጅ ክርስትና።

ካሴቱ ዴክ ውስጥ ሲገባ ግን ምስሉ ይንከባለላል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ብልሽቱ የካሴቱም የዴኩም አልነበረም። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው «ፓል» የተባለውን የአውሮፓ ሥርዓት ነው፦ 625 መስመር፣ በሴኮንድ 25 ምስል። አሜሪካ የምትጠቀመው ደግሞ «ኤንቲኤስሲ»ን ነበር፦ 525 መስመር፣ በሴኮንድ 30 ያህል ምስል። ልዩነቱ ከኤሌክትሪኩ ጋር የተያያዘ ነው፤ የአገራችን መብራት በ50 ሄርዝ፣ የአሜሪካው በ60 ይሠራል፤ የጥንቱ ቴሌቪዥንም የምስሉን ፍጥነት ከዚያ ጋር አስማምቶ ነበር። ሁለቱ ካሴቶች በመጠን አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚናገሩት ቋንቋ ግን ይለያያል።

በዚህ ጊዜ ዘበኛው መንግሥት ወይም ኩባንያ ሳይሆን ማንም የእኛ ሰው ያልተጠየቀበት የቴክኒክ ስምምነት ነበር። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ በውድ ዋጋ መግዛት፣ ወይ ገልብጦ ለሚመልስ ባለሙያ መስጠት። አንድ ቤት እንዲህ ያለ ዴክ ካለው ቅዳሜና እሑድ ያ ቤት የሰፈር ቲያትር ይሆናል። ዲቪዲ ሲመጣ ችግሩ መልኩን ብቻ ቀየረ፤ አሜሪካ በክልል 1፣ አፍሪካ በክልል 5 ተመደቡ፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ዲስክ ኮለምበስ ሲደርስ እንደገና «አይነበብም» ይባል ጀመር።

ካሴቱ ግን ከዚያ በኋላ ተመልሶ ያልመጣ ጠባይ ነበረው። የገዛኸው ካሴት ያንተ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥር 17 ቀን 1984 በ5 ለ4 ድምፅ ሰው ከቴሌቪዥን ቀድቶ በሚመቸው ሰዓት ማየቱ ሕጋዊ ነው ብሎ በየነ። ካሴቱን ከመደርደሪያ ላይ ማንም በርቀት አያነሣብህም፤ ወርኃዊ ክፍያ ባትከፍልም አይዘጋም። አባት ካረፈ ከሃያ ዓመት በኋላም ድምፁ እዚያው አለ።

የሰማይ ኪራይ

ቀጥሎ ዲሽ መጣ። ኢቢኤስ በ2008 ከሜሪላንድ ሥራ ሲጀምር፣ ኢሳት በ2010 ሲከተል፣ በውጭ ያለ ኢትዮጵያዊ ከመንግሥት ጣቢያ ሌላ የሚመርጠው አገኘ። በሰሜን አሜሪካ የብዙ ሕዝቦችን ነጻ ቻናሎች ከሚያሰራጩት ሳተላይቶች የታወቀው በ2008 የመጠቀው ጋላክሲ 19 ነበር። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በ97 ዲግሪ ምዕራብ ቆሟል።

ከማዕከላዊ ኦሃዮ ሆኖ እሱን ለማየት ዲሹ ከደቡብ ትንሽ ወደ ምዕራብ አዘንብሎ፣ ከአድማስ 40 ዲግሪ ያህል ቀና ማለት አለበት። ስፋቱ ከ75 እስከ 90 ሴንቲሜትር ቢሆን ይበጃል። ወርኃዊ ክፍያ የለውም። እንግዲህ ዕድል የሚወሰነው በአፓርትማህ አቅጣጫ ነው ማለት ነው። በረንዳህ ወደ ደቡብ ከሆነ አገር ቤት ገባች፤ ወደ ሰሜን ከሆነ ቀረች። ትልቅ ዛፍ ፊት ለፊት ካለ በክረምት፣ ቅጠሉ ሲበዛ፣ ምስሉ ይቆራረጣል፤ መጸው ሲደርስና ቅጠሉ ሲረግፍ ይመለሳል።

አከራዮችና የሰፈር ማኅበራት «የሕንፃውን መልክ ያበላሻል» ብለው ሲከለክሉ ብዙዎች ዝም ብለው አውርደዋል። ሕጉ ግን ከእነርሱ ጋር ነበር። የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን በ1996 ባወጣው ደንብ እስከ አንድ ሜትር የሚሰፋ ዲሽን የቤት ባለቤት በራሱ ይዞታ እንዳይተክል መከልከል አይቻልም፤ በ1999 ደግሞ መብቱ ተከራይ ብቻውን ወደሚጠቀምበት በረንዳ ተዘረጋ። የጋራ ጣሪያና የጋራ ግድግዳ ግን በመብቱ ውስጥ አይገቡም። የማናውቀው መብት በአከራይ ፊት እንደሌለ ይቆጠራል፤ የዲሽ ዘመን ትልቁ ትምህርት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አገር ቤትም የዲሹ ፖለቲካ የራሱ ነበር። የኢሳት ስርጭት በተደጋጋሚ በሞገድ ታፍኗል፤ የኢትዮጵያ ተመልካችም ከአንዱ ሳተላይት ወደ ሌላው ዲሹን ሲያዞር ከርሟል። በ2016 ቃና የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያቀረበ ሲመጣ ምሽቱ መልኩን ቀየረ። በ2019 ደግሞ የአገር ውስጥ ቻናሎችን በአንድ የሚሰበስበው ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በቆመ ሳተላይት ላይ ተጀመረ። ለአዲስ አበባ ጣሪያዎች መልካም ነበር። ከኦሃዮ ግን ያ ሳተላይት ጨርሶ አይታይም፤ ምድር ራሷ ትጋርደዋለች። ለፒከሪንግተን ሳሎን የቀረው መንገድ ኢንተርኔት ነበር።

ዘበኛው ሰርቨር ሲሆን

ኔትፍሊክስ በ2007 በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ፤ በ2008 ሮኩ የመጀመሪያ ሣጥኑን በ100 ዶላር ገደማ አወጣ፤ በ2013 ክሮምካስት በ35 ዶላር፣ በ2014 የአማዞን ፋየር ስቲክ ተከተሉ። ዲሽ የሚሰቅል ባለሙያ፣ ደቡብ የሚያይ በረንዳ፣ የአከራይ ፈቃድ፣ ሁሉም አላስፈላጊ ሆኑ። ዩቲዩብ ደግሞ የአገር ቤትን ድራማ፣ ስብከት፣ ዜናና ወሬ ሁሉ በአንድ ቦታ ሰበሰበ። የሰዓት ልዩነት የሚባለውም ሸክም ቀለለ። የአዲስ አበባ የምሽት 2 ሰዓት ዜና በኮለምበስ እኩለ ቀን ወይም ቀትር 7 ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ሠራተኛ ሰው በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነው። አሁን ማታ ከእራት በኋላ ያየዋል።

ነገር ግን የመጨረሻው ዘበኛ የማይታይ ሆነ። በር ላይ የቆመው አሁን ሩቅ ያለ ሰርቨር ነው። ጉግል በነሐሴ 2024 ክሮምካስት ማምረት አቆመ። በመጋቢት 2025 ደግሞ ሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስት በዓለም ዙሪያ በአንድ ጊዜ መሥራት አቆመ፤ ዕቃው አልተሰበረም፣ ኢንተርኔቱም አልጠፋም፤ ኩባንያው ያላደሰው ዲጂታል የምስክር ወረቀት ጊዜው አልፎበት ነበር። ከቀናት በኋላ ተስተካከለ። እነዚያ ቀናት ግን ለአንዲት ብቻዋን ለምትውል እናት ምን ያህል እንደሚረዝሙ መገመት አያቅትም።

በዚሁ ዘመን «ሺህ ቻናል አለው» ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጠው ሣጥን መጣ። ወርኃዊ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ቻናሉ ብዙ ነው፤ ግን ብዙዎቹ የባለቤቶቹ ፈቃድ የላቸውም። በታኅሣሥ 2020 የወጣ የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለውን አገልግሎት ለንግድ የሚያቀርበውን ሰው በከባድ ወንጀል ያስጠይቃል። አንድ ጠዋት ሣጥኑ ጨለማ ይሆናል፤ ተመላሽ ገንዘብ የለም። በሰኔ 2025 ኤፍቢአይ «ባድቦክስ 2.0» ስለተባለ የወንጀለኞች መረብ አስጠንቅቋል፤ መረቡ ከሚገባባቸው ዕቃዎች መካከል ስማቸው የማይታወቅ ርካሽ የአንድሮይድ ሣጥኖች ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ የተበከሉ ናቸው፤ የቤቱን ኢንተርኔት ለሌላ ሰው ወንጀል መተላለፊያ ያደርጉታል። ርካሹ ሣጥን ዘበኛውን ያስወገደ መስሎ ሌባ አስገባ።

እንግዲህ ምን እንምረጥ?

ታሪኩ ለገዢው ሦስት ጥያቄ ያስጨብጠዋል። የሚያየው ማን ነው? ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሊዘጋብን የሚችለው ማን ነው? የእኛ የሆነው የቱ ነው?

ከመጀመሪያው እንነሣ። ቀኑን ሙሉ የምታየው እናት ከሆነች ዋናው ዕቃ ሪሞቱ ነው። ከ40 ቁልፍ ሪሞት ይልቅ ጥቂት ቁልፍ ያለው፣ የቴሌቪዥኑንም ማብሪያና ድምፅ አብሮ የሚሠራ ትንሽ ሪሞት ይሻላል። በኤችዲኤምአይ የሚገናኙ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዲታዘዙ ማድረግ ይቻላል፤ አንዱን ስትጫን ቴሌቪዥኑም ይበራል፣ ትክክለኛው መግቢያም ይመረጣል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእሷ ሦስትና አራት ምስሎች ብቻ ይቀመጡ፤ የቀረውን ማስታወቂያና ጌም ማንሣት የሚቻለውን ያህል አንሡ። ማንበብ የማያስፈልጋት፣ በምስልና በቦታ የምታስታውሰው ገጽ ይሁንላት። ቀጥታ ስርጭትም አትንፈጓት፤ እሷ ቀትር ላይ ነፃ ናት፤ የአገር ቤቱ የምሽት ዜና በቀጥታ የሚደርሳት ለእሷ ነው።

ከዕቃዎቹ መካከል የቴሌቪዥኑ የራሱ ፕሮግራም ተጨማሪ ዕቃ አይፈልግም፤ ግን ቴሌቪዥን እስከ አሥር ዓመት ሊቆይ ሲችል ሶፍትዌሩ ቀድሞ ያረጃል። የታወቀ ኩባንያ ስቲክ ወይም ትንሽ ሣጥን መሰካት ይህን ያቃልላል፤ ሲያረጅ ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እሱን ብቻ ይቀይሩታል። የቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ የዕይታ መከታተያውን መዝጋት የኪዩብ ዘመን ያስተማረንን መፈጸም ነው። የኢንተርኔት ፍጥነት ብዙ ሰው እንደሚገምተው ብዙ አይጠይቅም፤ ኔትፍሊክስ ለአንድ ቴሌቪዥን ጥራት ያለው ምስል 5 ሜጋቢት በሴኮንድ፣ ለፎርኬ 15 ይመክራል። ምስሉ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ምድር ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ፎቅ ስለሆነ ነው። ከራውተር እስከ ቴሌቪዥን አንድ ገመድ መዘርጋት የኢንተርኔት ጥቅል ከማሳደግ ይልቅ ይረዳል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ወደ መደርደሪያው ይመልሱናል፤ ወደ ሰርጉ ካሴት። ዩቲዩብ ላይ ያለው ድራማ ነገ ሊነሣ ይችላል፤ የአባት ድምፅ ያለበት ካሴት ግን የቤተሰቡ ነው። እሱን ለማቆየት አሁን መሣሪያ አለ። አሮጌ ላፕቶፕ ወይም ትንሽ ኮምፒዩተርና አንድ ሀርድ ዲስክ በቤት ውስጥ የግል ሰርቨር ይሆናሉ፤ ሶፍትዌሩ የቤተሰቡን ቪዲዮ በርዕስና በምስል ደርድሮ ሳሎን ላለው ቴሌቪዥን ያቀርባል። ከሚታወቁት ሁለቱ ፕሌክስና ጄሊፊን ናቸው። ፕሌክስ ለመትከል ይቀላል፤ ግን መግቢያው በኩባንያው በኩል ነው፣ በ2025ም የራስን ቪዲዮ ከቤት ውጭ ሆኖ ማየትን የክፍያ አገልግሎት አድርጎታል። ጄሊፊን በ2018 ኤምቢ የተባለው ፕሮግራም ኮዱን ሲዘጋ ከእሱ ተገንጥሎ የወጣ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ዘበኛ ግን የለውም። ቴሌቪዥኑ እንዳለ ሊያነበው በሚችል የተለመደ ዓይነት፣ ማለትም በኤችዶት264 ኤምፒፎር፣ ፋይሉን ማስቀመጥ ብልህነት ነው፤ አለበለዚያ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ምስል እየተረጎመ ሊያሳይ ይደክማል። የፓልና የኤንቲኤስሲ ችግር ልጅ ልጅ ነው ይህ።

ሒሳቡም አያስፈራም። አንድ ሰዓት ካሴት በጥሩ ጥራት ቢገለበጥ ከ2 ጊጋባይት ትንሽ ይበልጣል። እያንዳንዳቸው ሁለት ሰዓት የሚሆኑ 40 ካሴቶች ወደ 180 ጊጋባይት ይጠጋሉ፤ ኪስ ውስጥ የሚገባ ዲስክ ላይ ይተርፋል። ሁለተኛ ቅጂ ከቤቱ ውጭ፣ ምናልባት አትላንታ ወይም አዲስ አበባ ያለ ወንድም ዘንድ፣ ይቀመጥ።

የሚያስፈራው ጊዜው ነው። የካሴት ቴፕ መግነጢሱ እየደከመ ይሄዳል። ዓለም ላይ የመጨረሻው የቪዲዮ ዴክ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በሐምሌ 2016 ማምረት አቁሟል። ፓልን የሚያነብ ደህና ዴክ በአሜሪካ ማግኘት ከዓመት ዓመት እየከበደ ነው፤ ያለውም ጥገና ይፈልጋል፣ ጠጋኙም አርጅቷል። ስቲኩ በሚቀጥለው ዓመትም ይሸጣል፤ ዋጋውም ይቀንስ ይሆናል። ስለዚህ ለዚህ ዓመት ገንዘብና ትርፍ ሰዓት ያለው ቤት ቅደም ተከተሉን ቢገለብጥ ይሻለዋል፤ መጀመሪያ ከቁምሳጥኑ ላይ ያለውን ካርቶን ያውርድ፣ እናት አጠገቡ ተቀምጣ በእያንዳንዱ ካሴት ላይ የማን ሰርግ፣ የማን ክርስትና እንደሆነ ትንገረው፣ እሱም ይጻፍ። ያንን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።